ያላለቀው ግድግዳ

ሰው «ቀልጣፋ ሠራተኛ ነው» ተብሎ ሲመሰገን ስሰማ እፈራለሁ። ስንፍና ወድጄ አይደለም፤ ለምን እንደሆነ ግን ለሰው ማስረዳት አይሆንልኝም ነበር። ባለፈው ሰሞን የእናቴን ቤት ላሳድስ ወደ መንዝ ወጣሁ። የጓዳውን ግድግዳ ለማፍረስ ውኃ ሲያርከፈክፉበት የአሮጌ ጭቃና የጭድ ሽታ ተነሣ። ያ ጭቃ ያን ሁሉ ዘመን ቆይቶ ልክ እንደ ተረገጠበት ቀን ይሸታል። ዶማውን የያዘውን ልጅ «ቆይ፣ አንዴ ቆይ» ብዬው ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ።

ያን ዓመት ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ዘመኑ የደርግ ነው። ከተማችን ከሞላሌ ብዙም አትርቅም፤ ከተማ ከተባለች ማለቴ ነው። አንድ መንገድ፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቤት፣ ከዚያ ወዲያ ገደልና ነፋስ። የገጠሩ ሰው ቤት ድንጋይ ነው፤ የእኛ የከተሜዎቹ ግን እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኑም ቆርቆሮ። በዚያ ዓመት በመንገዱ ዳር አዲስ ሰፈር ይሠራ ነበር፤ አባቴ ሳይሞት ያቆመው የእኛም ቤት እንጨት እዚያው ረድፍ ላይ ነበር። ታዲያ ወሬ መጣ፦ ጄኔሬተር ሊመጣ ነው፣ መብራት ሊገባ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር በስብሰባ ላይ ቤታችሁን ከወዲሁ አዘጋጁ አለ። ሰዉ አጨበጨበ። እውነቱን ለመናገር፣ ከአጨብጫቢው መካከል የኮረንቲ መብራት በዓይኑ ያየው ደብረ ብርሃን ደርሶ የተመለሰው ብቻ ነበር።

ቤቶቹን የሚያዘጋጀው ጋሼ ይልማ ሆነ። ጋሼ ይልማ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። አባትና እናታቸው ቀድመው ስለሞቱ ያሳደገችው እሷ ናት፤ እሱን አዝላ ውኃ ስትቀዳ የወገቧ አጥንት እንደ ጎበጠ እየማለች ትነግረን ነበር። አዲስ አበባ ገብቶ የኮረንቲ ሥራ ተማረ፤ አባቴ ሲሞት ደግሞ «እትዬ ብቻዋን ልጅ አታሳድግም» ብሎ ተመለሰ። በአካባቢው ኮረንቲ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ጎረምሳ ሁሉ ለውትድርና ይፈለጋል። ገሚሱ ወደ ወንጪት በረሃ ወርዶ ተደብቋል፤ ገሚሱ ገበያ ላይ ታፍሶ ሄዷል። ጋሼ ይልማ ግን በጠራራ ፀሐይ መሰላሉን ተሸክሞ እያፏጨ በመንገዱ መሐል ሲያልፍ ማንም አይነካውም። ሊቀመንበሩ በሕዝብ ፊት ተናግሮለታል።

«ይህ ልጅ የአዲሱን ሰፈር ሥራ እስኪጨርስ አይነካም። ሲጨርስ እንደ እኩዮቹ ይዘምታል።»

ሰው ሁሉ «አይነካም» የሚለውን ሰማ። እማዬ «ሲጨርስ» የሚለውን ሰማች።

የጭቃ ቤት ኮረንቲ የራሱ ጊዜ አለው። እንጨቱ ቆሞ ማገሩ ከተመታ በኋላ፣ ምርጊቱ ሳይጀመር፣ ገመዱ የሚያልፍበት ቱቦ ከቋሚው እንጨት ጋር መታሰር አለበት፤ ማብሪያ ማጥፊያው በሚሆንበት ቦታም የቆርቆሮ ሣጥን ይመታል። ከዚያ ጭቃው ይለጠፍበታል። ዋናው ገመድ የሚጎተተው ጄኔሬተሩ ሲመጣ ነው። ስለዚህ ጭቃው ከተለጠፈ የጋሼ ይልማ ሥራ አበቃ ማለት ነው።

አንድ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ባዶ እጁን ነበር። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይዞርና የቤቱን እመቤት ይጠይቃታል። «አልጋው የት ነው የሚሆነው? ምድጃውስ? ሲመሽ በየትኛው በር ነው የምትገቢው? በሩን በየትኛው እጅሽ ትከፍቻለሽ?» ሴቶቹ ይስቁበታል፤ እሱ ግን እየሰማ በከሰል እንጨቱ ላይ ያሰምራል። ምልክቱን ከቤት ቤት እየሄደ ረድፉን ሁሉ ሲጨርስ ነው መጋዝ የሚያነሣው። መጋዝ ካነሣ መጋዝ ብቻ ነው፤ የሁሉንም ቤት ይቆርጣል። መዶሻ ካነሣ መዶሻ ብቻ፤ የሁሉንም ቤት ሣጥን መትቶ ነው የሚያስቀምጠው። «አየሽ፣ ሰው የሚደክመው ዕቃ ሲያነሣና ሲጥል ነው» ይለኛል። «አንዷን ካነሣሽ ሥራዋን ሳትጨርስ አታስቀምጫት።» እኔ ይህን ምክር ሰምቼ እንጀራዬን በወጥ ሳላስነካ መጀመሪያ ወጡን ብቻ በላሁ፤ እማዬም በኩርኩም መከረችኝ።

ቱቦ ሲያጎብጥ ደግሞ ደረቅ አሸዋ ይሞላበትና ፍም ላይ ያሞቀዋል፤ ያን ጊዜ ሳይሰበር ቀስ ብሎ ይታጠፋል። ለምን ቀጥ አድርጎ እንደማይሰብረው ጠየቅኩት።

«ብርሃኑ ሲሮጥ መጥቶ እንዳይደናቀፍ ነዋ!»

አመንኩት። ብርሃን በቱቦ ውስጥ እንደ ምንጭ ውኃ የሚወርድ መሰለኝ። ማንም ሳያየኝ ጆሮዬን ቱቦው ላይ እደቅናለሁ፤ ከውስጥ ሽው ይላል። ነፋስ ነው፤ የእኛ አገር ነፋስ ቀዳዳ አይንቅም። እኔ ግን ብርሃኑ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እየመጣ ነው ብዬ ለጓደኞቼ አወራሁ። ጋሼ ጭቃ እንዳይገባ የቱቦውን አፍ በጥድ ውታፍ ሲደፍነው፣ ሣጥኑንም ጭድ ሲጠቀጥቅበት፣ ብርሃኑ እንዳያመልጥ የሚዘጋበት መሰለኝ።

እማዬን ይህ ፍጥነት አሳመማት። ሱፍ እየፈተለች በዓይኗ መሰላሉን ትከተላለች፤ መሰላሉ አንድ ቤት አልፎ በሄደ ቁጥር እንዝርቷ ይቆማል።

«ይልማ፣ ምነው ቀስ ብትል? እንቁላል እንኳ ቀስ በቀስ ነው በእግሩ የሄደው» አለችው አንድ ቀን።

«እንቁላሉ ክረምት አይመጣበትም፣ እትዬ። ሰው ክረምቱ ሳይገባ ግድግዳውን መምረግ አለበት። በእኔ የተነሣ ስንት ቤተሰብ በወንፊት ቤት ይክረም?»

«ይክረም! የሚሄደው የእነሱ ወንድም ነው?»

እሱ ሳቀ። ደግሞ ቢፈልግም ቀስ ማለት አይችልም ነበር፤ እጁ አይታዘዘውም። ልስነፍ ብሎ የጀመረውን ሥራ ሳያውቀው ቀድሞ ይጨርሰዋል። አንድ ጊዜ ፒንሳው ጠፋ። ሰፈሩ ሁሉ ተፈለገ። በኋላ እማዬ የሱፍ ቅርጫቷን ስታነሣ ከውስጡ ኳ ብሎ ወደቀ። ጋሼ ይልማ አንሥቶ ጠረገው፤ ግንባሯን ሳማትና ወደ ሥራው ሄደ። እኔ እናቴ መብራት የምትጠላ ሴት መሰለችኝ፤ ተናደድኩባትም።

በመጨረሻ ተስማሙ። የእኛ ቤት ከሁሉ ኋላ ይሆናል፤ ከእኛም ቤት የጓዳው ግድግዳ አይነካም።

«ይቺን ግድግዳ ተዋት» አለችው። «ሌላውን ሁሉ ጨርስ፣ እንደ ወፍ ብረር። ይቺ ክፍት እስካለች ሥራህ አላለቀም።»

«እሺ እትዬ። አልጨርሳትም።»

«ቃል?»

«ቃል።»

ሰኔ ሳይገባ ሰፈሩ ሁሉ በደቦ ተመረገ። ጭቃ ሲረገጥ፣ ሲዘፈን፣ ጠላ ሲዞር ሰነበተ። የእኛ ቤት ብቻ አንድ ጎኑ አጥንቱ እየታየ ቀረ። ጎረቤት ሲያልፍ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው!» እያለ ይስቃል። እማዬ «ጭድ አጣሁ፣ ምን ላድርግ» ትላለች። ጭዱ ከቤቱ ጀርባ ተቆልሎ አያለሁ፤ እናቴ ስትዋሽ በማየቴ አፍሬ አንገቴን እደፋለሁ።

ሰበብ ለእማዬ ቀላል ነበር። መሐላ ግን ሌላ ነው። በርስት ክርክር በሐሰት የማለ ዘመዷ ዓመት ሳይሞላው ከብቱም ልጁም እንዳለቁበት ሲወራ ሰምታ ያደገች ናት። ገበያ ላይ ዋጋ ስትጠራ ሦስት ጊዜ ትዋሻለች፤ ገዢው «ማርያምን በይ» ካላት ግን እውነተኛውን ዋጋ ታወጣለች። ይህን ጠባይዋን ሞላሌ ገበያ ሁሉ ስለሚያውቅ ብዙ ተጎድታበታለች።

ሐምሌ ገባ። የእኛን አገር ሐምሌ የሚያውቅ ያውቀዋል። በክፍቱ ግድግዳ ላይ የሱፍ ዝተት ሰቀልን፤ ዝተቱ ውኃ ጠጥቶ ከበደና እርጥብ በግ በግ መሽተት ጀመረ። ጉሙ እንደ እንግዳ አልጋችን ድረስ ይገባል። ታናሽ ወንድሜ ሀብቴ ገና መራመድ የጀመረ ነበር፤ ሳል ያዘው። ሲስል ትንሽ ደረቱ እንደ ወናፍ ከፍ ዝቅ ይላል። ጋሼ ይልማ ሳሉን ሲሰማ ግድግዳውን ያያል። እማዬ እሱ ግድግዳውን ሲያይ ታየዋለች።

አንድ የገበያ ቀን እማዬ ፈትሏን ተሸክማ ሞላሌ ሄደች። ከብዙ ቀን በኋላ ፀሐይ ወጣ። ሀብቴ እየሳለ ከንፈሩ ጠቆረ። ጋሼ ይልማ ትንሽ ቆሞ ሰማዩን አየና ዕቃውን ከጣራው ሥር አወረደ። ጎረቤታችንን እትዬ ብርቄንም ጠራት። ባሏ የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ነው፤ እሷ ግን ደግ ሴት ነበረች። «ኧረ ይሄ ልጅ ሊሞትባችሁ ነው!» ብላ ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃውን መርገጥ ጀመረች።

እኔ ሀብቴን ታቅፌ ደጅ ፀሐይ ላይ ነበርኩ። ከውስጥ መዶሻው ይሰማል። ከወትሮው ቶሎ ዝም ማለቱን አስታውሳለሁ። ጋሼ ቁራጭ ቱቦ ይዞ ወጣና ከጣራው ሥር ሸጎጠው፤ የተረፈው መሰለኝ። ከዚያ ከእትዬ ብርቄ ጋር ሆነው ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች መረጉት። ሲጨርሱ ጋሼ ቁጢጥ ብሎ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«እናትሽ ስትመጣ አላለቀም ብሏል በያት። አደራ። አላለቀም።»

ግድግዳውን አየሁት። ጥርግ ያለ፣ ሙሉ ግድግዳ ነው። ጥቂት አሰብኩና ገባኝ፤ ጭቃው ገና አልደረቀማ!

ወደ ማታ እማዬን መንገድ ላይ ሮጬ ተቀበልኳት። «እማዬ፣ እማዬ! ጋሼ ግድግዳውን መረገው! ግን አላለቀም ብሏል፤ እርጥብ ነው!»

ከጀርባዋ ያለውን ጆንያ ጥላው ሄደች። ስደርስ መዳፏን እርጥቡ ጭቃ ላይ ጭና ቆማለች። እትዬ ብርቄ በር ላይ እግሯን ትታጠባለች።

«ምነው ይልማ?» አለች ዞር ሳትል። «ምነው ወንድሜ? ቃል አልሰጠኸኝም?»

«አላለቀም እኮ፣ እትዬ» አላት። ወደ እትዬ ብርቄ ሰረቅ አድርጎ አየና እማዬን በዓይኑ ጠቀሳት። «እኔ ልሙት፣ አላለቀም።»

ሲያላግጥ ነው የኖረው፤ ያን ቀንም የሚያላግጥባት መሰላት። «በእኔ ላይ ቀልድ!» አለችና ሀብቴን ታቅፋ ባናዋን ተከናንባ ተኛች። ሁለት ጊዜ «እትዬ» ብሎ ጠራት። «ደህና፣ ነገ እነግርሻለሁ» ብሎ ተዋት።

ነገ አልደረሰለትም። ምስኪኗ እትዬ ብርቄ ሕፃኑን ከብርድ ማዳኗን ለባሏ በደስታ አውርታለች። ጠዋት ሊቀመንበሩና የእትዬ ብርቄ ባል መጡ። ሊቀመንበሩ ጓዳ ገብቶ ግድግዳውን በጥፍሩ ቧጠጥ አደረገው።

«እንግዲህ አለቀ፣ ይልማ።»

«አላለቀም፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ተመርጎ?»

«ከውስጥ የቀረ አለ።»

ሊቀመንበሩ ፈገግ አለ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። የደከመው ሰው ሳቅ ነበር። ወደ እማዬ ዞረ።

«የሺ፣ አንቺ በሐሰት እንደማትምዪ አገር ያውቃል። አላለቀም ይላል። ማርያምን አላለቀም በይኝና ትቼው እሄዳለሁ።»

በደርግ ዘመን የቀበሌ ሊቀመንበር በማርያም ሲያስምል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጋሼ ይልማ እናቴን አያት። ቀልዱ ሁሉ ከፊቱ ጠፍቶ ነበር። አንገቱን ቀስ ብሎ ነቀነቀላት፤ በዪ፣ እትዬ፣ በዪ ማለቱ ነው። እሷ እሱን አየችው፣ ግድግዳውን አየችው፤ በገዛ መዳፏ ያወቀችው፣ የተመረገ፣ ያለቀ ግድግዳ። ደግሞ እኔንና ሀብቴን አየችን። አፏ ተከፈተ። ከንፈሯ «ማ» ብሎ ሲገጥም አይቻለሁ።

«ወንድሜ ነው» አለች።

«ወንድምሽ መሆኑን አውቃለሁ፣ የሺ።»

«ወንድሜ ነው» አለች ደግማ። ሌላ ቃል አልወጣትም።

ሊቀመንበሩ ጥቂት ጠበቃት። ከዚያ በእጁ ምልክት ሰጠ። ጋሼ ይልማ በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ «እትዬ፣ አላለቀም ያልኩሽ…» ብሎ ጀመረ፤ የእትዬ ብርቄ ባል ትከሻውን ይዞ «ና እንሂድ፣ ወንድሜ» አለው። ከሌሎች ጎረምሶች ጋር በጭነት መኪና ጫኑት። መኪናው ጉሙ ውስጥ ሲገባ ድምፁ ብዙ ቆይቶ ጠፋ። እኔ አልቅሼ ስጨርስ እማዬን ጠየቅኳት፦ «ብርሃኑን ሊያመጣ ነው የሄደው?» ያን ጊዜ ያለቀሰችውን ያህል ከዚያ ወዲያ አልቅሳ አታውቅም።

ጋሼ ይልማ አልተመለሰም። ጄኔሬተሩም አልመጣም። መብራት የገባው ከብዙ ዘመን በኋላ፣ መንግሥት ተለውጦ ነው፤ ያኔም ሰው ሁሉ የተቀበሩትን ቱቦዎች ሲጠቀምባቸው እማዬ እንቢ አለች። «የጓዳውን ግድግዳ ማንም አይነካትም» ስላለች በሌሎቹ ክፍሎች ገመዱ ከግድግዳው በላይ በላዩ ተዘረጋ። ጓዳዋ መብራት ሳይገባበት እስከ መጨረሻዋ በኩራዝ ኖረች። በየወሩ በማርያም ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ያን የመዳፏ አሻራ የቀረበትን ቦታ እያየች ትናገራለች። «ቃሉን በላብኝ። እኔም አንድ ቃል ነፈግሁት። ብዋሽለት እመቤቴ ምን ትለኝ ነበር? እናት አይደለችም?» አይዞሽ፣ ምን ልታደርጊ ትችዪ ነበር እላታለሁ። አያጽናናትም ነበር። ባለፈው ዐቢይ ጾም ይህንኑ እንደያዘች አረፈች።

ደጃፉ ላይ እንደ ተቀመጥኩ ጭቃው ውኃውን ጠጥቶ ለሰለሰ። «ይቻላል?» አለኝ ዶማውን የያዘው የኮረንቲ ሠራተኛ ልጅ። ይቻላል አልኩት። የእማዬን መዳፍ ትቶ ከጎኑ አፈረሰው። የግድግዳው እንጨት ወጣ፤ የከሰሉ ምልክት እንኳ አልጠፋም። ቱቦው ከታች ተነሥቶ፣ በየቋሚው በሽቦ ታስሮ፣ ቅልብስ ብሎ ይወጣል።

«ይገርማል» አለ ልጁ። «ይሄ ሰው እጁ የተባረከ ነበር። ግን እዚህ ጋ ረስቶታል።»

ተነሥቼ አየሁ። ቱቦው ሣጥኑ ጋ ሊደርስ አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ቆሟል። አፉ በጥድ ውታፍ ተደፍኗል። ከላይ ያለው ሣጥን ጭዱን እንደ ጎረሰ ማንም ሳይደርስበት ብቻውን ተቀምጧል። ቀና ብዬ ከጣራው ሥር ፈለግሁ፤ ያ የሸጎጠው ቁራጭ ቱቦ የለም፤ አንዱ ልጅ ወስዶ ዋሽንት አድርጎት ይሆናል።

«አልረሳም» አልኩት።

በሕይወቱ አንድ ሥራ ጎደሎ ያልተወ ሰው፣ እህቱ ሳትፈራ እንድትምል ብሎ ይህን አንድ ክንድ ተወላት። ሐሰት አልነበረም። ብትለው ኖሮ ሐሰት አልነበረም። መዳፏ ያለበትን ጭቃ በመዳፌ ሸፈንኩትና እሷ ያልወጣትን ቃል አልኩላት፤ «ማርያምን፣ አላለቀም።»

ልጁ ግራ ገብቶት አየኝ። መጋዙን አንሥቶ ቱቦውን ለካ።

«ታዲያ ልቀጥለው፣ እትዬ? ትንሽ ቁራጭ ነው የሚፈልገው፤ አሁን ያልቃል።»

«አይ፣ ተወው» አልኩት። «እንዳላለቀ ይቆይ።»